የዘሃራ ሁለት ብርሃኖች

የመምህርት ዘሃራን ማረፍ የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘምዘም ናት። ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ከእጇ ሳታወርድ ደጄ ላይ ቆመችና፣ «አስካለ፣ ዘሃራችን ወደ አኼራ ሄደች» አለችኝ። ደሴ ታማ ተኝታ ነበር አሉ። እኛ መታመሟንም አልሰማንም። እንጠይቃት ብለን መንገድ እንዳንገባ አስባ ይሆናል ሳትነግረን የቀረችው። እንዲህ ያለች ሰው ነበረች።

በማግስቱ የሚያውቃት ሁሉ እኛ ግቢ ተሰበሰበ፤ እዚህ መካነ ሰላም ከተማ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ የተከራየችው የእኛን የጓሮ ክፍል ነበርና። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዱአ አደረገላት። ከዚያ ስለ እሷ ሲወራ ሁሉም ያው አንድ ነገር ተናገረ። «ለማንም እምቢ ብላ አታውቅም» አሉ። አብረዋት ያስተማሩት እንዲህ አሉ፣ ተማሪዎቿም አሉ፣ ዘምዘምም አለች። ውሸት አይደለም። እኔ ግን እምቢ ያለችበትን ቀን አውቃለሁ፤ አጠገቧ ነበርኩ። ያ ቀን ካልተነገረ የተወሳችው ግማሿ ብቻ ናት።

ዘሃራ ወደ ግቢያችን የመጣችው በኢሕአዴግ ዘመን፣ ኢንተርኔት ያመጣል የተባለው የመስታወት ገመድ በመንገዱ ዳር እየተቆፈረ በሚቀበርበት ጊዜ ነው። እኔ በዚያ ቁፋሮ ምክንያት ሰላም አጥቼ ነበር። ልጄ ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉድጓድ ውስጥ ትገባብኛለች ብዬ እስከ ዋናው መንገድ እየወጣሁ እቀበላታለሁ። አዲሷ ተከራይ ይህን ባየች ጊዜ አልሳቀችብኝም። የሁለተኛ ደረጃው የፊዚክስ አስተማሪ እሷ ነበረችና፣ «እኔ ይዣት እመጣለሁ፣ እትዬ አስካለ፤ አንቱ አይልፉ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዛት መጣች።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ስታስብ አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶቿ ጋር ታሻሻለች፤ ጠመኔ የምታራግፍ ይመስላል፣ በእጇ ላይ ጠመኔ ባይኖርም። ሰው ምንም ቢጠይቃት መልሷ «ግድ የለም» ነው። ጣራዋ ሲያፈስ ግድ የለም፣ የሌላ አስተማሪ ክፍለ ጊዜ ሲደረብባት ግድ የለም። ግምገማ ላይ የባልደረቦችሽን ድክመት ተናገሪ ሲሏት የራሷን ደርድራ ትቀመጣለች ይባል ነበር። ተማሪዎቿንም «ገባችሁ ወይ?» ብላ አትጠይቅም። «የቱ ጋ ጠፋሁባችሁ?» ነው የምትላቸው። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ገርሞኛል፤ እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ስማር የምጠፋው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከቦኖው ውሃ ልትቀዳ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ አልተመለሰችም። ጨነቀኝና ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ባዶ ጀሪካን ይዛ ገባች።

«ውሃው ሄደ እንዴ?»

«ኋላ ሄደ። ወረፋዬ ሲደርስ ነፍሰ ጡር መጣች፣ አስቀደምኳት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከዚያ ደግሞ ልጅ ያዘለች መጣች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።» በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ግድ የለም፣ ነገ እቀዳለሁ።»

ዘምዘም በአጥር ማዶ ሆና ትሰማን ነበር። «አንቺ ልጅ» አለቻት፣ «ባል ሲመጣልሽም ከኋላሽ ላለችው ታሳልፊያለሽ።»

ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። በበጋው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የተዋሰችውን ኮምፒውተር እኔ በረንዳ ላይ ታስቀምጣለች፤ የሷ ክፍል ሶኬት አይሠራም ነበር። የኮምፒውተሩ ባትሪ የሞተ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር የጀመረችው ስሌት ይጠፋባታል፣ እሷም ከመጀመሪያው ትነሳለች። ነጎድጓድ ሲሰማ እኔ ጋቢ አለብሰው ነበር። «መብረቅ ጋቢ አይፈራም እኮ፣ እትዬ አስካለ» ትለኛለች፤ ጋቢውን ግን አታነሳውም።

አንድ ቀን ምስር እየለቀምኩ፣ «ለመሆኑ ይህን ያህል የሚያደክምሽ ምን ትምህርት ነው?» አልኳት።

ጣቶቿን አሻሸች። «ከዚህ ደሴ ስንሄድ የሚያዘገየን መንገዱ ነው ኬላው?»

«ኬላው ነዋ። ውረዱ ይላሉ፣ ጭነቱ ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ እንደገና ይጫናል።»

ከቦርሳዋ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከቆፋሪዎቹ ለምና ያመጣችው የመስታወት ገመድ ቁራጭ ነው፤ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ስብርባሪው የልጄ እጅ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ «ራቅ አድርጊው» አልኳት። ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«በዚህ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው» አለች። «ብርሃኑ ይፈጥናል። መገናኛ ላይ ሲደርስ ግን የቱ ጋ እንደሚታጠፍ እስኪታወቅ ይወርዳል። ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ አድራሻው ይታያል፣ ከዚያ ተመልሶ ብርሃን ሆኖ ይጫናል። እኔ የማጠናው ሳይወርድ የሚያልፍበትን ነው። መንገዱን ሌላ ብርሃን ይክፈትለት፣ ሌላ ብርሃን ይዝጋበት።»

«ብርሃን ብርሃንን እንዴት አድርጎ ይዘጋል?»

ይህን ስጠይቃት ፊቷ በራ። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ማጉያ አለች አለችኝ። የምትሠራው ከሰሚኮንዳክተር ነው፤ ሬዲዮኑም ሞባይሉም የሚሠራበት ዓይነት ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሲመግቧት ኃይል ታጠራቅማለች። ደካማ ብርሃን በአንድ ወገን ሲገባ ያንን ኃይል ወስዶ በሌላው ወገን በርትቶ ይወጣል። ብርቱ ብርሃን አብሮት ከገባ ግን የተሰናዳውን ብርቱው ይበላዋል፤ ደካማው እንደደከመ ይወጣል።

«ድግስ ቤት ይበሉት» አለች። «ሆዳሙ ከቀደመ ለሌላው አይተርፍም። ብርቱውን ስልከው በሩ ተዘጋ፣ ብርቱውን ስተወው በሩ ተከፈተ።»

«ድግሱ እንደገና እስኪሰናዳስ?»

«እሱ ነው የሚያስቸግረን» ብላ ሳቀች። «ጊዜ ይወስዳል። ጊዜው ግን ዓይን ከመርገብገብ እጅግ እጅግ ያንሳል።»

ዋናው ሥራዋ ግን ይህ አልነበረም። ብርሃን እንዲያስታውስ ነበር የምትፈልገው። ሁለት ማጉያዎች ታገናኛለች፤ የአንደኛዋ ብርሃን ሁለተኛዋን ያደክማል፣ የሁለተኛዋም አንደኛዋን። አንዷ ካሸነፈች ሌላዋ ትደበዝዛለች፣ እንደዚያው ሆነው ይቆያሉ። ከውጭ አጭር የብርሃን ምት ሲልኩባቸው ይገለባበጣሉ፤ የደበዘዘችው ትበራለች፣ የበራችው ትደበዝዛለች፣ ምቱ ካለፈ በኋላም በዚያው ይጸናሉ። «የትኛዋ እንደበራች ያየ ሰው ምን እንደተላከ ያውቃል። ማስታወስ ማለት ይኸው ነው» አለችኝ። መሣሪያው በእጇ ስላልነበረ የምትሞክረው በኮምፒውተር በስሌት ነው። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። አንዱ ወጥቶ ሌላው መውረድ ነበረበት። እነሱ ግን መሐል ለመሐል ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ያው ነው።

«ምን ሆኑ እነዚህ?» አልኳት።

«ተቻችለው ይኖራሉ» አለችኝ፤ ምሬት ነበረው። እኔ መቻቻል ጥሩ ነገር ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከማስተማር ተለቅቃ አዲስ አበባ አማካሪዋ ዘንድ መቀመጥ ነበረባት። ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚለቀው አንድ አስተማሪ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እሷና የጂኦግራፊው አስተማሪ መምህር ጌታሁን አመለከቱ። «አንተ ሂድ»፣ «የለም፣ አንቺ ሂጂ» ሲባባሉ ከረሙና ሁለቱም በጨዋነት ስማቸውን ከማመልከቻው አነሱ። ቀኑ አለፈ፣ ማንም ሳይሄድ ቀረ። ከተማው ይህን እንደ መልካም ወሬ ተቀባበለው።

በተከታዩ ዓመትም ያው ሁለቱ አመለከቱ። ልዩነቱ ዩኒቨርሲቲው ዘሃራን ከዚህ ዓመት ወዲያ አልጠብቅም ማለቱ ነው። ካልሄደች የተማረችበት ክረምት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዳይሬክተሩ እስከ ዓርብ አንድ ስም አምጡ ብለዋል። እሷ ግን መምህር ጌታሁን የልጆች አባት ነው ብላ ሰኞ ዕለት፣ «ግድ የለም፣ አንተ ትሄዳለህ» ብላው መጣች።

ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ባለቤቴ በጭነት መኪና ላይ ስለሚሠራ በደሴ መንገድ ላይ ያለውን የጉጉፍቱን ጉምና የአቀስታን ጭቃ ከሱ አፍ አውቀዋለሁ፤ እሱ ወጥቶ እስኪመለስ በር በሩን አያለሁ። እሷ ደግሞ ብቻዋን፣ አዲስ አበባ፣ ዓመት ሙሉ።

«እዚሁ ብትሆኚ ይሻላል» አልኳት። «ሰናይትም አሥረኛን ትፈተናለች፤ አንቺ ስትኖሪ ነው የምታጠና።»

ጣቶቿን አሻሸችና «ግድ የለም» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ዘምዘም ዘንድ ሽንኩርት ይላጥ ነበር፤ ልጇን ልትድር ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም ሴት መጥቷል። ዘሃራም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቢላ ይዛ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ ሁላችንንም ያስለቅሰናል፤ የሷ እንባ ግን በዛ። ዘምዘም አየቻት።

«ይቺ የሽንኩርት ናት ወይስ የፊዚክስ?»

«የፊዚክስ ናት።»

«በይ አምጫት፣ አብረን እንላጣት።»

ሴቱ ሳቀ። ዘሃራ ግን ቢላዋን አስቀምጣ ተነሳች። «እውነት ትረዱኛላችሁ?» አለች። በዳሱ ቀኝ የተቀመጡትን አንድ ወገን፣ በግራ የተቀመጥነውን ሌላ ወገን አደረገችን። «እናንተ የራሳችሁን ዘፈን ዝፈኑ፣ እናንተም የራሳችሁን። ጆሯችሁ ግን ማዶ ይሁን። የነሱ ድምፅ ሲጎላ የናንተን ዝቅ አድርጉ፤ የነሱ ሲቀንስ የናንተን ከፍ አድርጉ። አንዱ ወገን ማሸነፍ አለበት።»

ጀመርን። ቀኞቹ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እኛ ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ዝቅ አልን። እነሱ ዝቅ ማለታችንን ሰምተው አፈሩና እነሱም ዝቅ አሉ። ትንሽ ከፍ ስንል መልሰን ደነገጥን፤ እነሱም እንዲሁ። ጥቂት ቆይቶ ዳስ ሙሉ ሴት ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሆነ። ከማዶ አንዷ፣ «ኧረ እናንተ ዝፈኑ» አለች። ከእኛ ወገን ደግሞ፣ «በሞቴ፣ እናንተ ቅደሙ፤ ለሙሽራዋ የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ» ተባለ።

«ዘሃራ፣ ሰርጌን ለቅሶ አደረግሽብኝ» አለች ዘምዘም።

ዘሃራ አልሳቀችም። ጣቶቿም አይንቀሳቀሱም። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። «እነሱ ናቸው» አለች።

«እነማን?» አልኳት።

«መስመሮቼ። ልክ እንዲህ ናቸው። ጨዋ አድርጌ ነዋ የሠራኋቸው።»

አንዷ ማጉያ ሌላዋን የምትጫንበት ቁጥር አለ። ዘሃራ እሱን ወደ ስሌቱ ስታስገባ፣ አንዷ ሌላዋን ጨርሳ እንዳታጠፋት ፈርታ አሳንሳ ታስገባው ነበር ለካ። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን «እንደገና» ብቻ አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«አሁን ማንም ለማንም አያዝንም። እነሱን ከሰማችሁ ጭራሽ ዝም። ካልሰማችሁ ባላችሁ ጉሮሮ።»

መጀመሪያ ሁለቱም ወገን ጮኸ። ከዚያ ቀኞቹ በጥቂት በለጡን። እኛ ዝም ስንል እነሱ ይብስ ዳሱን አናጉት። እኛ ሽንኩርታችንን እየላጥን ስንሰማ ቆየን፤ አልተለወጠም። ዘሃራ ዘምዘምን ጎትታ በእኛ በግራዎቹ መሐል አቆመቻትና «እልል በይ» አለቻት። የዘምዘምን እልልታ የሰማ ያውቀዋል። ቀኞቹ ደንግጠው ፀጥ አሉ። ፀጥ ማለታቸውን ስንሰማ እኛ የራሳችንን አነሳን። እልልታው አለቀ፣ ዘምዘም ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች፤ እኛ ግን ቀጠልን፣ እነሱም በዝምታቸው ቆዩ። ያን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ሰው እልልታውን ባይሰማም፣ ግራው ሲዘፍን አይቶ አንድ የገፋን ነገር እንደነበረ ያውቃል። ብርሃን እንዴት እንደሚያስታውስ እኔ የገባኝ እዚያ ሽንኩርት ላይ ነው።

ዘሃራ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ምንም ሳትል ወጥታ ሮጠች። አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ ተከተልኳት። በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን እየለወጠች ነው። ሁለቱ መስመሮች ጥቂት አብረው ሄዱ፤ ከዚያ ቀዩ ወደ ላይ ወጣ፣ ሰማያዊው ወደ ታች ወረደ። ምቱን ላከች። ተገለባበጡ፣ በዚያው ጸኑ። እኔ መብራት እንዳይጠፋ ማርያምን እየለመንኩ ነበር።

«ያዘች» አለች። «እትዬ አስካለ፣ ያዘችልኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት መምህር ጌታሁን ሊያመሰግናት አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። ወንበር አወጣሁለትና ምስሬን ይዤ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቼን የሚያሳድግልኝ ትምህርት አገኘሁ ብሎ ደስ ያለው ሰው ነው።

«ዘሃራ፣ ውለታሽን አልረሳም» አለ። «ነገ ስምሽን ታነሺያለሽ፣ በዚያው ያልቃል።»

«አላነሳም።»

ዝቅ ባለው ድምፅዋ ስለሆነ በደንብ የሰማት አልመሰለኝም። «እ?» አለ።

«ስሜን አላነሳም። ሰኞ ሂድ ብዬህ ነበር፤ ቃሌን መልሻለሁ። ይቅር በለኝ።»

ወደ እኔ አየ። እኔ ምስሬን አየሁ።

«ልጆች አሉኝ እኮ፣ ዘሃራ። ደግሞስ ብርሃን ብርሃንን ዘጋው አልዘጋው፣ ለዚህ ለአገራችን ለቦረና ገበሬ ምኑ ነው?»

«ያንተስ የውቅያኖስ ካርታ ለቦረና ገበሬ ምኑ ነው?»

ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ጌታሁን፣ አንተ ገና ልትጀምር ነው፤ ከርሞም ይቀበሉሃል። እኔ ዘንድሮ ካልጨረስኩ አለቀ። አምና አንተ ለእኔ፣ እኔ ላንተ ስንል ቦታው ባዶውን ቀረ። ማን ተጠቀመ?»

«ማንም።»

«ከሁለታችን አንዳችን ዝም ማለት አለብን። ዘንድሮ አንተ ዝም በል። ከርሞ እኔ ዝም እላለሁ፤ ክፍለ ጊዜህንም ደርቤ አስተምርልሃለሁ።»

ጆሮው ቀልቶ ነበር። ተነሳ፣ ስኳሩን አነሳ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። «ይዤው ብመለስ ሚስቴ ምን ሆንክ ትለኛለች» አለ። «ለመንገድሽ ይሁን።»

ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«አስቀየምኩት?» አለችኝ።

«አስቀየምሽው» አልኳት። «ይረሳዋል ግን።»

ረስቶታልም። በዓመቱ ጨርሳ ስትመለስ እሱ ሄደ፤ እሷም እንዳለችው ክፍለ ጊዜውን ደርባ አስተማረች። ከዚያ በኋላ ነው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆና ወደ ደሴ የተዛወረችው። በዱአው ዕለት «እምቢ አታውቅም» ካሉት ሰዎች አንዱ ጌታሁን ነው። እየማለ ነበር የሚናገረው።

ለዚያ ዓመት ትምህርት በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሄደች ዕለት መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በሶ አሲዣታለሁ፣ ለብርዱም የእኔን ሹራብ ደርባለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ የመጨረሻውን «ደሴ፣ ደሴ» ይላል። ዘሃራ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሞተሩ ሲነሳ ፊቷ ልውጥ አለ። ጣቶቿን ማሻሸት ጀመረች።

«እትዬ አስካለ» አለች። «ሰናይት ብቻዋን እንዴት ትዘልቀዋለች? ጌታሁንስ ተቀይሞኝ ቢቀር? ይቅርብኝ እንዴ?»

አውቃታለሁ። አንድ ቃል ብናገር ትወርዳለች። ቃሉም ምላሴ ላይ ነበር። ጉሙ፣ ገደሉ፣ የማታውቀው ከተማ፣ ታማ የሚያስታምማት ማጣቷ፣ የልጄ ፈተና፣ ሁሉም አብሮ ሊወጣ ነበር።

«እናት» አለኝ ረዳቱ፣ «ትሄዳለች ወይስ ትወርዳለች?»

አንድም ቃል አላወጣሁም። የመኪናውን በር በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት፤ ግጥም ብሎ ተዘጋ።